የሐረጎ ዳገትና «የ2013» ጎማ፦ የአንዲት ስፖርት መኪና የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ መንገድ ላይ የፊት ጎማዎቿ መንገድ አልይዝ ብለው ባለቤቷን ያስቸገሩትን አንዲት ቶዮታ ሴሊካ ይመለከታል። ባለቤቷ ደሴ ላይ የልብስ ሱቅ ያለው፣ ቤተሰቦቹ ኮምቦልቻ የሚኖሩ፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ ወጣት ነጋዴ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በጋራዥ ሥራ የምተዳደር ስሆን መኪናዋን ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ተሳስቼ መልሻታለሁ። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ስሕተት ነው።

መኪናዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2006 ከተመረቱት የመጨረሻዎቹ ሴሊካዎች አንዷ ናት። ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው፤ ክብደቷ 1,100 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን የምትነዳው በፊት ጎማዎቿ ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ እጅግ ካናረው በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጁ ያለችውን አሮጌ ስፖርት መኪና የሚሸጥ ሰው የለም፤ ያለውም ይጠግናታል እንጂ አይቀይራትም። ስለዚህ ጥያቄው «ሌላ መኪና ግዛ» በሚል መልስ የሚታለፍ አልነበረም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በሐረጎ ጥምዝምዝ ነው። በክረምት ጭጋግ ይወርድበታል፤ ከተራራው ጎን የሚታጠበው ጭቃ አስፋልቱ ላይ ይነጠፋል፤ ቀንና ሌሊት የሚመላለሱት የጭነት መኪኖች የሚያንጠባጥቡት ዘይትና ናፍጣም ከዝናቡ ጋር ይቀላቀላል። ዝናቡ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች፣ ዘይቱ ገና ታጥቦ ሳይወርድ፣ መንገዱ ከማንኛውም ጊዜ የበለጠ እንደሚያንሸራትት በዚያ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃል።

የባለቤቱ አቤቱታ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ዳገት ላይ ከቆመበት ሲነሳ ወይም ከባድ መኪና ቀድሞ ለማለፍ ነዳጅ ሲሰጥ የፊት ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከራሉ። ሁለተኛ፣ በኩርባ ላይ መሪውን ቢያዞርም መኪናዋ ወደ ኩርባው ከመግባት ይልቅ ወደ ውጭ ትገፋለች። በሐምሌ መጀመሪያ ወደ እኔ ሲመጣ ጎማዎቹን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የፊተኞቹ ጥርስ 5 ሚሊ ሜትር ተኩል ቀርቶታል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ ይዞ ስለሚመጣና በብዙ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ ብቻ ስለሚከለከል፣ «ጎማህ ደኅና ነው፤ እግርህን ቀለል አድርግ» ብዬ አሰናበትኩት። ማብራሪያም አላጣሁለትም። የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ዳገት ሲወጣና ፍጥነት ሲጨምር ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የሚነዱት ጎማዎች ይቀላሉ፤ የኋላ ወንበርና ዕቃ መጫኛው በልብስ ቦንዳ ሲሞላ ደግሞ ይብስባቸዋል። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የችግሩን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚያስረዳ ነበር።

ልብ ልል ይገባኝ የነበረ አንድ ፍንጭ አምልጦኛል። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በዚህ መጠን የደከመ 1.8 ሊትር ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ጭምር ጎማ የሚያሾር ከሆነ፣ ጥፋተኛው የሞተሩ ብርታት ወይም የነጂው እግር ሊሆን አይችልም። መጠርጠር የነበረበት ጎማው ነው።

ባለቤቱ በእኔ መልስ ስላልረካ ሌላ ምክር ፈለገ፤ አገኘም። በአፋር በኩል ላንድክሩዘር የሚነዳ ወዳጁ «ነፋሱን ቀንስለት፣ መሬት ይቆነጥጥልሃል» አለው። ይህ ምክር በቦታው እውነት ነው። አሸዋ ላይ ወይም ጭቃ ላይ ነፋሱ የተቀነሰ ጎማ ተንጣሎ ስለሚያርፍ አይሰምጥም፤ የበረሃ ሾፌሮች ይህን የሚያደርጉት በልምድ ብቻ ሳይሆን በምክንያት ነው። ነጋዴውም ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እንደደረሰ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ የፊቶቹን 24፣ የኋላዎቹን 32 አስደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የነፋስ ቁጥሮች ሁሉ በፒኤስአይ ናቸው፤ ጎሚስታ ቤት ግን ቁጥሩ ብቻ ይጠራል።) ከአራት ቀን በኋላ ማለዳ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በአንድ የግራ ኩርባ ላይ መኪናዋ መሪ አልታዘዝ ብላ ወጥታ የቀኝ ጎኗ ቦይ ውስጥ ገባ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ መከላከያዋና አንድ ቸርኬ ተጎዱ። እንደ ነገረኝ ፍጥነቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ነበር።

መኪናዋ እየተጎተተች ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ አፈርኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይነካቸው፣ የጎማዎቹን ነፋስ በራሴ መለኪያ ለካሁ። ቀኝ ፊት 20፣ ግራ ፊት 18፣ የኋላዎቹ 28 እና 27 ሆኑ። «24 አስደርጌዋለሁ» ብሎ የሚምለው ሰው 18 ይዞ ሐረጎን እየወረደ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከባለቤቱ ጋር ወደ ጎሚስታው ሄድን። እኚህ ሰው በዕድሜ የገፉና ሥራቸውን የሚያከብሩ ናቸው፤ ነገሩን ስንነግራቸው አልተቆጡም፤ «እስቲ ያንተን ከእኔ ጋር እናስተያየው» ብለው መለኪያቸውን ራሳቸው አወጡ። በአንድ ጎማ ላይ ሁለቱን ብናፈራርቅ የእሳቸው በ2 አብልጦ ያነባል። በዚህ ላይ የተለካው ዳገት ወጥቶ የሞቀ ጎማ ነበር፤ ጎማው አድሮ ሲቀዘቅዝ ሌላ 2 ይወርዳል። ግራው ደግሞ ቫልቩላው ላይ ሳሙና ብንቀባው አረፋ አወጣ፤ በአራት ቀን ውስጥ ቀሪውን 2 አፍስሶታል። እያንዳንዷ ጉድለት ለብቻዋ ትንሽ ናት፤ ሦስቱ ተደምረው ግን 24 የተባለውን 18 አደረጉት፤ ግራና ቀኙንም አለያዩ።

ለመሆኑ በእርጥብ አስፋልት ላይ ነፋስ መቀነስ ለምን አይጠቅምም? የዚህች መኪና አንድ የፊት ጎማ ወደ 350 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በ32 ነፋስ፣ በቀላል ስሌት፣ መንገዱን የሚነካው የጎማ ክፍል 155 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ከአንድ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ነው። ነፋሱ 20 ሲሆን ስሌቱ 250 ገደማ ይሰጣል፤ የጎማው ግድግዳ ራሱ ክብደት ስለሚሸከም በተግባር ጭማሪው ከዚህ ያንሳል። የላንድክሩዘሩ ሾፌር የተናገረው ይህን ነው፤ መሬት የሚነካው ይሰፋል። ነገር ግን ያው ክብደት በሰፋ ቦታ ላይ ሲከፋፈል፣ ጎማው ውኃውን ሰንጥቆ አስፋልቱ ላይ የሚደርስበት ኃይል ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ነፋሱ ያነሰ ጎማ ክብደቱን በሁለቱ ጠርዞቹ ስለሚሸከም መካከሉ ወደ ላይ ይሸሻል፤ የጥርሶቹ ቦዮችም ተጨፍልቀው ይጠብባሉ፤ ውኃው መውጫ ያጣል።

የናሳ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ከአውሮፕላን ጎማ ሙከራ ያገኙት አንድ ቀመር አለ፤ ጎማ በውኃ ላይ ሙሉ በሙሉ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በነፋሱ ግፊት ካሬ ሥር ይወሰናል ይላል። በዚህ ቀመር 32 ነፋስ ያለው ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲንሳፈፍ፣ 20 ነፋስ ያለው ግን 74 አካባቢ ላይ ይንሳፈፋል። እርግጥ ቀመሩ ውኃ በተኛበት መንገድና ጥርስ በሌለው ጎማ ላይ ይበልጥ የሚሠራ ነው፤ የእኛ መኪናም ከ50 በታች ስለነበረች ተንሳፍፋ ነው የወጣችው ለማለት አልደፍርም። የቀነሰው ነፋስ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። የጎማው ግድግዳ ልፍስፍስ ስላለ መሪው ሲዞር ቸርኬው ቀድሞ ይዞራል፤ ጎማው ዘግይቶ ይከተላል። ነጂው ያልታዘዘችለት መስሎት መሪውን አብልጦ ሲያዞር ጎማው ከአቅሙ በላይ ይጠየቅና ይለቃል።

ይህ ግን ለምን ከቦይ እንደ ገባች እንጂ፣ ነፋሱ ሳይቀነስ በፊት ለምን ታንሸራትት እንደ ነበር አያስረዳም። መልሱ ጎማው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ጥርሱን ለክቼ ጽሑፉን ሳላነብ አልፌው ነበር።

«ጋሼ፣ ጥርሱ እኮ ገና ነው፤ የ2013 ነው ብለው ነው የሸጡልኝ» አለኝ ባለቤቱ።

«በማን አቆጣጠር?» አልኩት።

ዝም አለ። እያንዳንዱ ጎማ ዶት ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ በመጨረሻ አራት አኃዝ ይይዛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱም የአውሮፓውያን ነው። በእኚህ ጎማዎች ላይ የተጻፈው 3113 ነበር። 31ኛው ሳምንት፣ 2013፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2005 ዓ.ም. ማለት ነው። ነጋዴው በ2015 ዓ.ም. ያገለገሉ ብሎ ሲገዛቸው የሁለት ዓመት ጎማ የገዛ መስሎት ነበር፤ የገዛው ግን የአሥር ዓመት ጎማ ነው፤ ቦይ ሲገባ ደግሞ ልክ አሥራ አንድ ሞልቶታል። ሻጩ እያወቀ አታልሎት ይሁን ወይስ እሱም ቁጥሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንብቦት ልንፈርድ አንችልም። በሁለት ዘመን አቆጣጠር በሚኖር አገር ይህ ስሕተት በየገበያው መደጋገሙን ግን ከዚያ ወዲህ በዐይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ደንበኛዬ እንዲያውም የእኛ 2013 ያልሆነው 2013 እንዳለ ሲረዳ ከት ብሎ ስቋል።

ጎማ መንገድ የሚይዘው በጥርሱ ብቻ አይደለም። የጎማው ላስቲክ በአስፋልቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጠጠሮች ቅርጽ ልክ እየተጫነና እየተመለሰ ሲሄድ ነው የሚቆነጥጠው፤ ለዚህም መለስለስ አለበት። ጥርሱ የሚያገለግለው ውኃን ለማስወጣት ነው፤ ለዚህም ነው በደረቅ መንገድ የሚወዳደሩ የእሽቅድምድም መኪኖች ጭራሽ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ጎማ የሚያስሩት። ላስቲክ ከኦክስጅን፣ ከሙቀትና ከፀሐይ ጋር ሲቆይ፣ ባይነዳም እንኳ፣ ይደርቃል። በእኚህ የፊት ጎማዎች ቦዮች ውስጥ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ነበሩ፤ ጥፍሬን ብጫን ምልክት አልተውም አሉ፤ ዓመት ያልሞላቸው የኋላዎቹ ላይ ግን ጥፍሬ ለአፍታ ጉድጓድ ይተው ነበር። ጥርሱ ያልተበላውም ለዚህ ነው፤ ደረቅ ላስቲክ በቀላሉ አይበላም። እኔን ያታለለኝ የጥርሱ ጥልቀት ራሱ የበሽታው ምልክት ነበር።

ለማረጋገጥ የተበላሸውን ቸርኬ አስቀይረንና ቫልቩላውን ለውጠን፣ ሰው በማይበዛበት እርጥብ ዳገት ላይ ነፋሱን ከ24 ወደ 28፣ ወደ 32፣ ወደ 36 እያደረግን ከቆመችበት አስነሳናት። በ32 መሪዋ ቀና አለ፤ በ24 ከነበረው መዘግየት ምንም አልቀረም። በ36 መንቀጥቀጡ ጨመረ። በባዶ መሽከርከሩ ግን በአራቱም ያው ነበር። ከዚያ የኋላዎቹን ጎማዎች ወደ ፊት አመጣናቸው፤ እነሱ ስፖርት ጎማ አይደሉም፤ ተራ የጉዞ ጎማዎች ናቸው። መሽከርከሩ ወዲያው ቀነሰ። ነፋስ ያላዳነውን ላስቲክ አዳነው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ምን ይገዛ የሚለው ነበር፤ ረጅሙ ክርክራችንም በዚህ ላይ ነበር። በመኪናዋ ላይ የነበሩት ጎማዎች መጠን 205/50 በ16 ነው፤ ማለትም ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት የስፋቱ 50 በመቶ፣ ቸርኬው ደግሞ 16 ኢንች። ባለቤቱ ወደ 17 ኢንች ቸርኬ ወጥቶ 215/45 ሊያስር ይፈልግ ነበር፤ ምክንያቱን አልደበቀም፤ ውበት ነው። በደረቅና በለስላሳ መንገድ ሰፊና ቀጭን ግድግዳ ያለው ጎማ በእርግጥ ይሻላል። ለሐረጎ ግን ሁለት ነገር ያጎድላል። ሰፊ ጎማ ብዙ ውኃ መግፋት አለበት፤ ግድግዳው 97 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ጎማ ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬውን አያድንም። በሌላ በኩል ሱቆቹ ውስጥ እንደ ልብ የሚገኘው 195/65 በ15 ነበር፤ ለብዙ ኮሮላዎች የሚሆን። እሱ በቁመት ከቀድሞው ወደ 4 በመቶ ስለሚበልጥ የፍጥነት መለኪያውን ያዛባል፤ ሙሉ መሪ ሲዞርም ሊነካ ይችላል። የኮሮላ ቸርኬ እንዋስ ቢባል ደግሞ የዚያን ዘመን ኮሮላ ቸርኬ አራት ብሎን ሲሆን የሴሊካዋ አምስት ነው።

መፍትሔው ከጓዳ ወጣ። የቀድሞው ባለቤት ከመኪናዋ ጋር ያስረከባቸው፣ አቧራ የጠጡ አራት ባለ 15 ኢንች ቸርኬዎች ደሴ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። በእነሱ ላይ 195/60 ማሰር ይቻላል። ቁመቱ 615 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቀድሞው 611 ነው፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ግድግዳው 117 ሚሊ ሜትር ነው። የጭነት ቁጥሩ 88፣ ማለትም ለአንድ ጎማ 560 ኪሎ ግራም ስለሆነ በቂ ነው። ባለቤቱ «የአሮጊት መኪና ትመስላለች» ብሎ አጉረመረመ፤ አልተሳሳተም፤ ትመስላለች።

ከቀረቡልን ውስጥ ስንመርጥ ግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥብ መንገድ ደረጃ አየን። ደረጃው ከሁለት ኤ እስከ ሲ ይወርዳል፤ የሚለካው ግን ቀጥ ባለ እርጥብ መንገድ ላይ መቆምን ብቻ ነው፤ ኩርባን አይናገርም። የመበላት ቁጥሩንም አየን። በጥቅሉ ይህ ቁጥር በበዛ መጠን ላስቲኩ ብዙ ይቆያል፤ አያያዙ ግን ይቀንሳል። 500 የተጻፈበትን ትተን ከ300 ብዙ ያልራቀውን ወሰድን። የምርት ሳምንቱን ባለቤቱ ራሱ አነበበ፤ ዓመቱን ወደ እኛ ቀይሮ ጮክ ብሎ ነገረኝ። ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ስለበቃው ለፊት ብቻ እንግዛ ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ፊቱ ከኋላው የበለጠ የሚይዝ መኪና ቁልቁለት ላይ ኋላው ቀድሞ ይለቃል፤ ያንን ለመመለስ ከፊት መንሸራተት ይልቅ ብዙ ችሎታ ይጠይቃል። ቀሪውን እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት መኪናዋ ቆመች። አሮጌዎቹን የፊት ጎማዎች ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይገዛቸው ጎናቸውን በቢላ ቀደድኳቸው፤ ከዚያ ለበረባሶ ሠሪ ይሁኑ፣ ለአጥር ግድ የለኝም።

አዲሶቹ በታሰሩ ዕለት ማታ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ያው ነው! አሁንም ታንሸራትታለች!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም ነበረበት። አስቀድሜ ሳልነግረው የቀረሁት ነገር ነበር። አዲስ ጎማ ከቅርጽ ማውጫው እንዳይጣበቅ የሚቀባው ነገር ላዩ ላይ ስለሚቀር፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በርጋታ መንዳት ያስፈልጋል። ከሳምንት በኋላ ሌላ ስልክ አልመጣም።

ነፋሱን ለመወሰን አምራቹ በር ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ያስፈልገን ነበር፤ መኪናዋ ቀለም ስትቀባ ተልጦ ጠፍቷል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ክብደት የተለመደውን 32 መነሻ አድርገን በጎማው ትከሻ ላይ ጠመኔ ቀባንና ኩርባ ላይ ነዳናት። ጠመኔው ወደ ግድግዳው ርቆ ከተጠረገ ነፋሱ አንሷል፤ ጫፉ ጭራሽ ካልተነካ በዝቷል። በመጨረሻ ፊት 33፣ ኋላ 31 ላይ ረጋን፤ ኋላዋ በሰውና በቦንዳ ሲሞላ ኋላው 34 ይሆናል። የኋላውን ነፋስ አብዝቶ መኪናዋን በኩርባ ላይ ይበልጥ ቀልጣፋ ማድረግ እንደሚቻል ባለቤቱ ሰምቶ ነበር፤ እውነት ነው፤ ቅልጥፍናው የሚመጣው ግን ኋላውን በማላላት ስለሆነ ለክረምት ሐረጎ አልተቀበልኩትም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ባለቤቱ ወደ ባቲ ሲወርድ ነፋሱን መቀነስ፣ ሲመለስ መጨመር እንዳለበት ይጨነቅ ነበር። ከደሴ ባቲ እስኪደርስ ከፍታው በ900 ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 1 ነጥብ ጥቂት ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ በ10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ያው መለኪያ 1 ተኩል ያህል ይጨምራል። ቆላው በአንድ እጁ የወሰደውን በሌላው ይመልሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ደሴ ላይ በቀዝቃዛው የተሞላ ጎማ ለሰኞ ገበያ ምንም መነካካት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በየሁለት ሳምንቱ፣ ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ፣ ሁልጊዜ ሳይሞቅ መለካት ነው። ጎሚስታውም መለኪያቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው «2 ቀንስ» ብለው ጽፈውበታል።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ጭጋግ ሐረጎን በሸፈነበት አንድ ከሰዓት፣ አብሬው ወጣሁ። ከባድ መኪና ቀድሞ ለማለፍ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጣት ጎማው አልሾረም፤ ባለፈው ቦይ በገባበት ኩርባ ላይም መሪዋ ወዳዞራት ገባች። ደሴ ደርሰን ወደ ቤቱ በሚያወጣው ኮብልስቶን ዳገት ላይ ግን፣ ድንጋዩ በእግርና በጎማ ተፍቆ እንደ መስተዋት ስለለሰለሰ፣ በአንደኛ ማርሽ ስትነሳ አሁንም ትሽከረከራለች፤ እዚያ በሁለተኛ ይነሳል።